ፓምፑ አልነሳ ሲል ገመዱን መጎተት አቁሙ

ኅዳር ገብቷል። የሽንኩርት ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ እየወረደ ነው፤ ርብና ጉማራ ዳር ያላችሁም ቱቦ ዘርግታችሁ ማጠጣት ጀምራችኋል። በዚህ ሰሞን ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ካሉት ይልቅ የበዛው አንድ ነው፤ «ፓምፑ አልነሳ አለኝ፣ ምን ይሻላል?» የሚለው። ከሰኔ ጀምሮ ጓዳ ጥግ ተቀምጦ የከረመ ሞተር ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ገመዱ ይጎተታል፣ እንደገና ይጎተታል፣ ድምፅ የለም።

እንዴት እንደሚፈተሽ እነግራችኋለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን የራሴን አቋም ላስቀድም። ክረምቱን ተቀምጠው ከርመው አልነሳ ከሚሉት የቤንዚን ፓምፖች አብዛኞቹ አልተሰበሩም ባይ ነኝ። ወይ የከረመ ቤንዚን አለባቸው፣ ወይ ካንዴላቸው ጠቁሯል፣ ወይ ዘይታቸው ጎድሏል። እነዚህን ለማየት ከተማ መውጣት አያስፈልግም። እናንተ ግን፣ አትቀየሙኝና፣ ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ትወስዱታላችሁ፤ መካኒኩ ወረፋ አለብኝ ብሎ ሦስት ቀን ያቆየዋል፤ ችግኙ እዚህ ይጠወልጋል። የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይሄድም፣ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ችግኙ ገና በተዛወረበት ሰሞንም ሆነ ራሱን በሚያበጅበት ጊዜ አንድ ተራ ውሃ ካመለጠው፣ በኋላ ብታጠጡትም ያጣውን አይመልስም። የመካኒኩ ሒሳብ ከኪስ ስለሚወጣ ይታያል፤ ማሳ ላይ የቀረውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

«ቻይና ስለሆነ ነው» የሚለውም ወሬ ይብቃን። በየቀበሌው ያሉት ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች ፓምፖች ላይ የሚገጠመው ከ5.5 እስከ 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ሞተር፣ የጃፓን ይሁን የቻይና፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። የዕቃው ጥንካሬ ይለያያል፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን የሆንዳ ሞተርም ቢሆን አምስት ወር የከረመ ቤንዚን ከሰጣችሁት አይነሳም።

አሁን ወደ ገመዱ። ቾኩን ዘግታችሁ በጎተታችሁ ቁጥር ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይስባል። ቾክ የምለው ለመነሻ ጊዜ አየሩን የሚያንሰውን ትንሽ ዘንግ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ጎትታችሁ ካልተነሳ ቤንዚኑ ካንዴላውን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ካንዴላ ደግሞ እሳት አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎረምሳው እጅጌውን ሰብስቦ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይጎትታል። ሰውየው እየረዳችሁ አይደለም፣ ሞተሩን በቤንዚን እያፈነው ነው። በዚያ ላይ ገመዱ ይበጠሳል፣ የገመዱ ስፕሪንግ ይዘላል፤ ያኔ ያልነበረ ብልሽት ይመጣል። የእኔ ምክር ከስድስት በላይ አትጎትቱ ነው። ቁጭ በሉና ተመልከቱት።

መጀመሪያ ቀላሉን። ስዊቹ በርቷል? የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? ይኼ ማላገጥ አይደለም። ልጆች የነካኩት ስዊች ጠፍቶ እያለ ግማሽ ቀን ሲጎተት የዋለ ፓምፕ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ዘይት፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቹ እነዚህ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ከውስጥ አላቸው። ሞተሩ ዘይት ሳይኖረው ሠርቶ እንዳይነክስ ተብሎ የተሠራ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ግን መቆጣጠሪያው ዘይቱ እውነት ጎድሎ ይሁን ወይስ ሞተሩ ስላዘነበለ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ይሁን መለየት አይችልም። የወንዝ ዳር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ተዳፋት ነው። ፓምፑን ተዳፋት ላይ አስቀምጣችሁ ስትጎትቱ ሞተሩ ደህና ሆኖ እያለ እሳት አይሰጥም። ስለዚህ በዶማ ትንሽ ደልዳላ መደብ አበጁለት፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ አድርጉለት፣ ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ ጫፍ መድረስ አለበት። በአብዛኛው የሚይዘው 0.6 ሊትር ያህል ነው። የሞላችሁት ዘይት ካነሰ ጨምሩ፤ ከአፉ አልፎ የሚፈስና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ መክፈቻው ሳይዘጋ ስለከረመ ቤንዚን ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ያን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። በውሃ የቀጠነ ወጥ አያጠግብም፣ ቤንዚን የገባበት ዘይትም ሞተር አያለሰልስም።

ስለ አጫጫንም አንድ ነገር ልበል። አህያ ላይ ወይም ባጃጅ ላይ ፓምፑን በጎኑ አስተኝታችሁ ትወስዱታላችሁ። በጎኑ ሲተኛ ዘይቱ ወደ ፒስቶኑ ቤትና ወደ አየር ማጣሪያው ይፈሳል። ወንዝ ዳር ሲደርስ «ትናንት ሲሠራ አድሮ ዛሬ ምን ነካው» ትላላችሁ። መንገድ ነካው። ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ።

ዘይቱ ደህና ከሆነ ወደ ቤንዚን እንሂድ። ለኔ ትልቁ ጥፋተኛ ይኼ ነው። ቤንዚን እንደ እህል ተከምሮ የሚከርም ነገር አይደለም። ቀላል ቀላሉ ይተናል፣ የሚቀረው እየወፈረ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከአንድ ወር በላይ ካርቡሬተር ውስጥ የቆየ ቤንዚን ለማስነሳት ያስቸግራል፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት የቆየው ደግሞ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ሊደፍናት ይችላል። ሽታው ራሱ ይለያል፣ ቤንዚን መሽተቱን ትቶ እንደ ቀለም ይከረፋል።

እንዲህ አድርጉ። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ጥርት ያለውን። ካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ሳህን ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። በ10 ቁልፍ ፈታ አድርጓትና የሚወርደውን በሃይላንዱ ተቀበሉት። ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በዓይን ይታያል። ዝገትና ቆሻሻም ይታያል። ምንም ካልወረደ መንገዱ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ከመክፈቻው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ ፈታችሁ እጠቧት፣ እዚያ ውስጥ ጭቃ የሚመስል ነገር ትሞላለች። ከዚያ የታንከሩን አሮጌ ቤንዚን ሁሉ ገልብጣችሁ አዲስ ቅዱ። የገለበጣችሁትን ወንዝ ውስጥ አትድፉት፣ ከብቱም ሰውም ይጠጣበታል።

አውቃለሁ፣ «ቤንዚኑን ገልብጡ» ማለት ቀላል ነው። ለጀሪካን ቤንዚን ደብዳቤ አጽፎ ማደያ ላይ ተሰልፎ የዋለ ሰው አንድ ሊትርም ገልብጥ ሲሉት ያመዋል። ለዚህም ነው ብዙዎቻችሁ ከመንገድ ዳር በጠርሙስ የምትገዙት። እሱም ቢሆን ላምባ የተቀላቀለበት ወይም ውሃ የገባበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየትም ግዙ፣ ወደ ታንከሩ ከመክተታችሁ በፊት ያን የሃይላንድ ፍተሻ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅም አጥልሉ። ውሃን ጨርቅ ሁልጊዜ አያስቀርም፤ ለውሃው የሚበጀው ማስቀመጥና ከታች ያለውን መተው ነው።

አዲስ ቤንዚን ገብቶም ካልተነሳ፣ ወይም ቾኩ ሲከፈት ወዲያው ጭጭ ካለ፣ የነሐሷ ቀዳዳ ተደፍናለች። ካርቡሬተር ማጠብ ትችላላችሁ ወይ? ጥንቃቄ ያለው ሰው ይችላል። አንድ ነገር ግን እባካችሁ፤ ቀዳዳዋን በመርፌ ወይም በሽቦ አትውጉ። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ያባክናል፣ ካንዴላም ያጠቁራል። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፋችሁ በብስክሌት መንፊያ ንፉት። ይኼ ካቃተ ለመካኒክ ስጡ፣ ነውር የለውም። ቢያንስ «ካርቡሬተሩን እጠብልኝ» ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ «አልነሳ አለኝ» ብሎ ከመሄድ ይለያል። ምን እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ ያልተበላሸ ዕቃ አይቀየርባችሁም።

ሦስተኛው ካንዴላ ነው። የካንዴላ ቁልፍ ከፓምፑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል፤ የጠፋባችሁ 21 ቁልፍ ግዙ። ፈትታችሁ ጫፉን እዩ። ከረጠበ ታፍኗል፤ አድርቁት፣ ስዊቹን አጥፍታችሁ ቾኩን ከፍታችሁ ካንዴላው ሳይገጠም ገመዱን አራት አምስት ጊዜ ጎትቱ፣ የታፈነው ቤንዚን ይወጣል፤ ከዚያ ግጠሙና ሞክሩ። ካንዴላው ጭራሽ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም፤ ወደ ቀደመው ፍተሻ ተመለሱ። በጥቀርሻ ከጠቆረ በብሩሽ ጥረጉት። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መለኪያ የሌለው ሰው አዲስ ካንዴላ ገዝቶ ቢያስተያይ ይሻለዋል። እኔ እንደውም ሁለት መለዋወጫ ካንዴላ ቤቱ የሌለው ሰው ፓምፕ አለኝ አይበል እላለሁ።

እሳቱን ለማየት፦ ካንዴላውን ኮፍያው ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፣ ስዊቹን አብሩ፣ ሌላ ሰው ይጎትት። ጥላ ሥር ከሆናችሁ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያችኋል። ከዚህ በፊት ግን ጀሪካኑን አርቁ፣ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የካንዴላውን ቀዳዳ በጨርቅ ሸፍኑ፣ ብረቱን በእጅ አትያዙ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ ካለ ተነስ በሉት፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን። ብልጭታ ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ። አዲሱም እምቢ ካለ፣ ዘይቱም ሞልቶ መደቡም ደልዳላ ከሆነ፣ ያኔ የኤሌክትሪክ ችግር ነውና ወደ መካኒክ።

የኛ አገር ከፍታም አንድ ነገር ያመጣል። ጣና ዙሪያ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ይላል። ሞተሩ ሲሠራ የተለካለት ለቆላ አየር ነው፤ እዚህ ሲመጣ ያው ቤንዚን በትንሽ አየር ስለሚቃጠል ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ቶሎ ይታፈናል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 6.5 ፈረስ የተባለው እዚህ 5 ቢሰጥ ነው። ስለዚህ የእናንተ ካንዴላ ጥቁር ጥቁር ሲል «ፒስቶኑ አልቋል» የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ። ጥረጉት፣ ቾኩንም ሞተሩ እንደተነሳ ሳትዘገዩ ክፈቱ። ጠዋት ቀዝቃዛ ላይ ነው ቾክ የሚያስፈልገው፤ ቀን ሠርቶ ሞቅ ያለ ሞተር ላይ ቾክ መዝጋት ማፈን ነው።

የአየር ማጣሪያውን በአጭሩ ልለፈው፤ ክፈቱት፣ አቧራውን አራግፉ፣ ስፖንጁን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። አይጥ ጎጆ ሠርታበት ልታገኙ ትችላላችሁ፣ የጭስ ማውጫውም ውስጥ ተርብ ቤት ይሠራል። አንዳንዱ ማጣሪያውን አውጥቶ ጥሎ «አሁን ጎበዝ ሆነ» ይላል። ጎበዝ የሆነው ለአንድ ወር ነው፣ አቧራው ፒስቶኑን ይበላዋል።

ገመዱ ራሱም ይናገራል። ስትጎትቱ ምንም ሳይታገላችሁ ላላ ብሎ ከመጣ፣ ውስጥ እመቃ የለም፤ ቫልቭ ወይም የፒስቶን ቀለበት ነው፣ ለመካኒክ ተዉት። ጭራሽ አልጎተት ካለ ደግሞ አትታገሉት። ካንዴላውን ፍቱና ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ ከለቀቀ ዘይት ወይም ቤንዚን ውስጡ ሞልቶ ነበር። ካልለቀቀ ሞተሩን ትታችሁ የውሃውን ክፍል እዩ። ባለፈው ዓመት ጭቃ ይዞ ያልታጠበ ፓምፕ፣ ውሃውን የሚገፋው ማራገቢያ ደርቆ ወይም ዝጎ ይያዛል። ስንቱ ሞተር ተፈትቶ ጉዳቱ እዚያ የተገኘ መሰላችሁ!

የጉድጓድ ውሃ የምትስቡ ወገኖች ይቺን ጠንከር አድርጌ ልናገር። በእኛ ከፍታ ፓምፑ ከውሃው ወለል ከ6 ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መሳብ ያቅተዋል። ውሃው በየካቲትና በመጋቢት ሲወርድ አንዳንዱ ሰው ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ ያወርደዋል፣ ሲጠፋበትም ሊያስነሳ ይወርዳል። የቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ አለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ጉድጓድ ውስጥ ይታቆራል። ሰው ራሱን ሳያውቅ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይወድቃል። ሽንኩርቱ ቢደርቅ ይደርቃል እንጂ የሚሠራ ሞተር ወዳለበት ጉድጓድ አትውረዱ፣ ልጃችሁንም አትላኩ። ከጠፋ በኋላም ጭሱ እዚያው ነው።

ይኼን ሁሉ ያልኩት ግን አንድ ነገር ካልተስተካከለ ብዙ ዋጋ የለውም፤ የጋራ ፓምፕ ነገር። ለማኅበር ፓምፕ ሲሰጥ ባየሁባቸው ቦታዎች ስልጠና የሚባለው የግማሽ ቀን ንግግር ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል። ካንዴላ በገዛ እጁ የፈታ አንድ አባል የለም። ከዚያ ሃያ አባወራ በተራ ይጠቀማል፣ ዘይት ያየ የለም፣ ሁሉም ያለፈው ሰው አይቶታል ብሎ ያስባል። እነዚህ ሞተሮች አዲስ ሲሆኑ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይፈልጋሉ። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ የማኅበር ፓምፕ 100 ሰዓት ማለት ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም! በዓመት አንዴ ዘይት የሚቀየርለት ፓምፕ ሁለተኛ ዓመቱን ቢደርስ ነው የሚደንቀኝ።

ስለዚህ ማኅበር ያላችሁ በመጪው ስብሰባችሁ አንድ ሰው ምረጡ። ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለም፤ እንደውም ከእናቶችና ከወጣት ሴቶች ብትመርጡ ደስ ይለኛል። ለዚያ ሰው ደብተር ግዙ፣ በየተራው የሠራበትን ሰዓትና ዘይት የተቀየረበትን ቀን ይጻፍ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየተራው ትንሽ ገንዘብ ያዋጣ፤ ለዘይት፣ ለካንዴላና ለማጣሪያ። ግንቦት ላይ ሥራ ሲያበቃ ቤንዚኑን ከታንከሩም ከካርቡሬተሩም አፍስሶ፣ የውሃውን ክፍል አጥቦና አድርቆ፣ ከምድጃ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥም የዚያ ሰው ኃላፊነት ይሁን። የካንዴላ ቁልፉም በእሱ እጅ ይደር። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሄደው፣ ፓምፑ ወንዝ ዳር ሁለት ቀን የቆመበትን ቀበሌ አውቃለሁ።